ለዌንደል ቴቦ የጻፍኩት ምስክርነት

ዌንደል ቴቦ ራስ ምታቱ ሊነሳበት ሲል አስቀድሞ ቀልዱን ያቆማል። ሌላ ምልክት የለውም። ጠዋት ከጋራዡ ስንወጣ ስለ አለቃችን ስለ ዴልበርት ቦርጭ፣ ስለ እኔ ሁለተኛ ባል፣ ስለ ካናዳ ቢራ ሲለፈልፍ ቆይቶ ድንገት ጸጥ ካለ የመቀመጫ ቀበቶዬን መፍታት እጀምራለሁ። ከዚያ የግራ ዓይኑ ይጨፈናል። ከዚያ «ማርላ፣ ነይ» ይላል። መኪናውን ዳር ያስይዛል፤ እኔ ወደ መሪው እሻገራለሁ፤ እሱ ኮቱን ፊቱ ላይ ጥሎ በእኔ ወንበር በኩል ወለሉ ላይ ይጠቀለላል። እኔ እነዳለሁ።

የበረዶ መጥረጊያ መኪና በእኛ ወረዳ ሁለት ሰው ይዞ ነው የሚወጣው። አንዱ ይነዳል። ሌላው በቀኝ ተቀምጦ ክንፉን፣ ማለትም በጎን የሚዘረጋውን ረጅም ምላጭ፣ ይጥላል ያነሳል፤ የፖስታ ሳጥን ወይም የቆመ መኪና ሲመጣ ያጥፈዋል። ዌንደል ሹፌር፣ እኔ ክንፍ ያዥ ሆነን አሥራ አንድ ክረምት አብረን ሠርተናል። በስድስቱ ክረምት ስንቀያየር ነው የኖርነው። እኔ የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ የለኝም። ሁለቴ ተፈትኜ ሁለቴም ወደ ኋላ ስነዳ በርሜል ገጭቻለሁ፤ ሦስተኛ መዋረድ አልፈለግኩም። መዝገቡ ላይ ግን ማን ነዳ ማን ተኛ የሚል የለም። «ሹፌር፦ ቴቦ። መንገዱ ተጠርጓል» ተብሎ ይሞላል፤ ያለቀ ነገር ነው።

ዌንደል ወታደር ሳለ ኢራቅ ውስጥ የነዳጅ ቦቴ ይነዳ ነበር። መንገድ ዳር የተቀበረ ፈንጂ ሁለት ጊዜ አጠገቡ ፈንድቶበታል። አንድ ጠብታ ደም አልፈሰሰውም፤ ለዚህ ነው መሰለኝ ራሱን ከቁስለኛ የማይቆጥረው። የተረፈው ራስ ምታት፣ የወገብ ሕመምና ጆሮው ውስጥ ቀን ከሌት የሚጮኸው ነገር ነው። መንግሥት የጉዳት አበሉን ሲተምን ለራስ ምታቱ ሠላሳ በመቶ፣ ለወገቡ ሃያ፣ ለጆሮው አሥር ሰጠው። ድምሩ ስልሳ ይመስላል፤ እነሱ ዘንድ ግን ሃምሳ ነው። የመጀመሪያውን ጉዳት ይቀንሱና ሁለተኛውን ከተረፈው ጤነኛ አካል ላይ ያሰሉታል። ዌንደል «ግማሽ ሰው ነኝ፤ በግማሼ ደግሞ ዴልበርት ይጠቀምበታል» እያለ ይስቃል።

ዴልበርት ባያውቅም ያ ግማሽ እያለቀ ነበር። በወር ሁለቴ የነበረው ራስ ምታት ሰባትና ስምንት ደረሰ። በዚያ መሃል መለዋወጫ ክፍል የሚሠራው ሆሜር በግንቦት ጡረታ እንደሚወጣ ተሰማ። የመለዋወጫ ክፍል ሞቃት ነው፣ መብራቱን ማጥፋት ይቻላል፣ ከጎማዎቹ ጀርባ ሰው መተኛት ይችላል፣ ማንም በመንገድ ላይ አይሞትም። ደመወዙ ግን ያነሰ ነው፤ ዌንደል ሁለት ልጆች አሉት። የራስ ምታቱ ሠላሳ ወደ ሃምሳ ቢያድግለት ጭማሪው ጉድለቱን ይደፍንለታል። ነገሩ ይኸው ነበር። ጭማሪው ከመጣ ዌንደል ከመኪናው ይወርዳል። ካልመጣ መንዳቱን ይቀጥላል።

በወረዳው ሕንፃ ምድር ቤት የቀድሞ ወታደሮችን ፎርም የሚያስሞላ ኤልተን የሚባል ሽማግሌ አለ። ዌንደል ምስክር ትሆኚያለሽ ብሎ እኔንም ይዞኝ ሄደ።

«እግረኛው መጣ!» አለ ኤልተን ከወንበሩ ሳይነሳ። እሱ የባሕር ኃይል ሰው ነበር።

«ሹፌር ነኝ እባክህ፣ እግረኛ አይደለሁም። አንተ መርከብ ላይ ድንች ስትልጥ እኛ ጦርነት ላይ ነበርን።»

«ሃያ ዓመት ድንች ልጬ ወገቤን አሞኝ አያውቅም። ቁጭ በሉ። በወር ስንቴ ነው የሚጥልህ?»

«አንዳንዴ።»

«አንዳንዴ ቁጥር አይደለም፣ ልጄ።»

«ሁለቴ። ቢበዛ ሦስቴ።»

«ሰባቴ» አልኩ እኔ።

ዌንደል ዞሮ አየኝ። ሰው ፊት ሱሪውን ያወለቅኩበት ነው የሚመስለው። ኤልተን ሰባት ብሎ ጻፈ።

«ሥራ ላይ ሆነህ መጠየቅ ትችላለህ» አለው። «ሥራ ፈት መሆን የለብህም። ግን በሽታው ሥራህን እንደሚያበላሽብህ ማየት አለባቸው። ባለፈው ዓመት ስንት ቀን ከሥራ ቀረህ?»

«ቀርቼ አላውቅም።»

ኤልተን እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «በወር ሰባቴ እየጣለህ አንድ ቀን አልቀረህም?»

እኔና ዌንደል ተያየን። ሽማግሌው ግን ሞኝ አይደለም፤ አንዴ እሱን አንዴ እኔን አይቶ ተነፈሰ።

«እንግዲያው ነገሩ ያለው በዚህች ሴት እጅ ነው። ያየሽውን ጻፊ ማርላ፣ ያየሽውን ብቻ። ሲጥለው ምን እንደሚመስል፣ ማን እንደሚሸፍንለት። ከመላካችሁ በፊት እኔ አነበዋለሁ። ደግሞ ልንገርህ፣ ፋይሉ ከተከፈተ ሁሉንም ነው የሚያዩት። መጨመር ብቻ ሳይሆን መቀነስም ይችላሉ።»

ኤልተን ግን አላነበበውም። በሳምንቱ ደረጃ ላይ ወድቆ ዳሌው ተሰብሮ ሆስፒታል ገባ፤ ቢሮው ተዘጋ። ወረቀቱን እኛው ላክነው።

አሁን ስለ ደብዳቤው ልናገር። እኛ ጋራዥ ውስጥ ስለ ሰው የሚጻፈው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ ጡረታ ሲወጣና ሲሞት። ካርዱ በፖስታ ሆኖ ከሰው ሰው ይዞራል፤ ሁሉም ይጽፋል፤ በመጨረሻ ዴልበርት መነጽሩን አድርጎ ጮክ ብሎ ያነበዋል። የሚጻፈው ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ቀርቶ አያውቅም፣ አጉረምርሞ አያውቅም፣ እንደሱ ያለ ሰው አይገኝም። ሆሜር ሰካራም እንደነበር የሚጽፍ የለም። የሚጻፍለት ሰውም ካርዱን ቀድሞ አያይም፤ ማሳየት ነውር ነው።

እሁድ ከሰዓት በኋላ ወጥ ቤት ጠረጴዛዬ ላይ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ እንደተባልኩት ጀመርኩ። «ዌንደል ሲያመው ብርሃን ማየት አይችልም። መኪናውን ያቆማል። ከዚያ» ብዬ ቆምኩ። ከዚያ የሚመጣው «እኔ እነዳለሁ» የሚለው ነው። ጡረታዬ ሁለት ዓመት ነበር የቀረው። ያለ ፈቃድ አሥራ ስምንት ቶን መኪና ስድስት ክረምት የነዳች ሴት ስሟን ፈርማ መላኳ ነው። ወረቀቱን ቀደድኩት።

ቡና ቀዳሁ፣ አዲስ ወረቀት አወጣሁ፣ እጄ የለመደውን ጻፈ። «ከዌንደል ቴቦ ጋር አሥራ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ። አንድ ቀን ከሥራ ቀርቶ አያውቅም። ሌሎች ሹፌሮች በሚመለሱበት ውሽንፍር እሱ መንገዱን ሳይጨርስ አይመለስም። ምንም ቢያመው አያጉረመርምም። ልጆቼ በሚሄዱበት መንገድ ላይ ከእሱ ሌላ ሹፌር አልመርጥም።» ስጨርስ አለቀስኩ። እንዴት ያማረ ነገር ጻፍኩ ብዬ ነው ያለቀስኩት። ያን ቀን ፍቅር መስሎኝ ነበር። ፍርሃት ነበር፤ ሙገሳ አልብሼው ነው እንጂ። ፖስታውን አሽጌ ለዌንደል ሰጠሁት፤ እሱም እንደ ወጉ ሳያየው ከፎርሙ ጋር ላከው።

መልሱ የመጣው በሚያዝያ ነው። የዌንደል ሚስት ሎርና ደወለችና «ቤት ነይ» አለችኝ፤ ሰላምታ እንኳ የለም። ሎርና የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው የምትሠራው፤ ቀኑን ሙሉ ትልልቅ ሰዎችን ስታነሳ ስለምትውል ክንዷም ቃሏም ጠንካራ ነው። ስገባ ደብዳቤው ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቶ ነበር። አላስቀመጠችኝም።

«ስሚ» ብላ ማንበብ ጀመረች። «የሥራ ባልደረባቸው በሰጡት ቃል መሠረት አመልካቹ በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ አንድ ቀን ከሥራ ቀርተው አያውቁም። በከባድ የአየር ጠባይ ከባድ ተሽከርካሪ ይነዳሉ። በመሆኑም ሕመማቸው የሥራ ብቃታቸውን በእጅጉ እንደሚቀንስ የሚያሳይ ማስረጃ አልተገኘም። ጥያቄው ተቀባይነት አላገኘም።» ወረቀቱን ወረወረችው። «ይሄን የጻፍሽው ለቀብሩ ነው?»

«ሎርና...»

«እኔ ሦስት ገጽ ጻፍኩ! መታጠቢያ ቤት ወለል ላይ ተዘርሮ እንደማገኘው ጻፍኩ። ልጆቼ በገዛ ቤታቸው በሹክሹክታ እንደሚያወሩ ጻፍኩ። አንቺ በአንድ ገጽ ሰረዝሽው! ለጥያቄው የተመደበችው ሐኪም ስትመረምረው ደህና ነኝ እንዳላት አውቃለሁ፤ እሱ ወታደር ነው፣ አንገቱ ቢቆረጥም ደህና ነኝ ይላል። አንቺ ግን ምን ነካሽ?»

ዌንደል በሩ ላይ ቆሞ ኖሯል። «ተያት» አላት። «ጥሩ ነው የጻፈችው።»

«ለምኑ ነው ጥሩ?»

«እንጃ። ማንም ስለ እኔ እንዲህ ብሎ አያውቅም።»

ይህን ብሎ ወጣ። ከኋላ ግቢ እንጨት ሲፈልጥ ተሰማ፤ ያውም በዚያ ወገቡ። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ለሎርና ሁሉንም ነገርኳት፤ መቀያየሩን፣ ፈቃዴን፣ ጡረታዬን። እስከዚያ ቀን ድረስ ባሏ ራሱን ታሞ እየነዳ የሚመጣ ነበር የሚመስላት። የወረወረችውን ወረቀት አነሳች።

«ስለዚህ ስድስት ክረምት በሕይወት ያቆየሽው አንቺ ነሻ» አለች። «አሁን ደግሞ ይሄንን ጻፊ።»

ኤልተን በክራንች ተመልሶ ነበር። ጉዳዩን በዓመት ውስጥ እንደገና ማቅረብ ይቻላል፣ አዲስ ማስረጃ ግን ይፈልጋል አለን። «የመጀመሪያው ለምን እንዲያ እንደሆነ መናገር አለብሽ። ፈቃድ ሳይኖርሽ መንዳትሽንም በፊርማሽ ታምኛለሽ። ዴልበርት ጆሮ ከደረሰ ጉድሽ ይፈላል።»

«ይፍላ» አልኩት።

አራት ገጽ ጻፍኩ። ምንም አልሸሸግኩም። ቀልዱን ሲያቆም እንደማውቅ፣ የዳቦ ላስቲክ ውስጥ እንደሚያስመልስ፣ አንድ ጊዜ ሱሪው ላይ ሽንቱ እንዳመለጠው፣ ወለሉ ላይ ሆኖ እንደሚያለቅስ፣ የኢራቅ ጓደኞቹን ስም እየጠራ «ወደ ግራ ያዝ» እንደሚል። ማየት አይችልም፣ መቆም አይችልም፣ መንዳት አይችልም ብዬ ጻፍኩ። ፊተኛውን ሳላሳየው መላኬ ነው ያጠፋኝ ብዬ ይሄኛውን ከመላኬ በፊት አሳየሁት። እዚህ ላይ ሁለተኛ ተሳሳትኩ።

ግቢው ውስጥ፣ በረዶ ለማቅለጥ መንገድ ላይ የሚረጨውን ጨው ከመኪናው ሥር በውኃ ሲያጥብ ነበር ያገኘሁት። ቧንቧውን ዘግቶ፣ እጁን በሱሪው ጠርጎ፣ ቆሞ አነበበ። አራቱንም ገጽ ቀስ ብሎ ነው ያነበበው።

«አለቅሳለሁ?» አለኝ።

«አዎ።»

«ድምፅ አውጥቼ?»

«አዎ፣ ዌንደል።»

«የተኛሁ ነበር የሚመስለኝ።» ወረቀቱን አጠፈው፣ እንደገና አጠፈው። «ይሄ ሰው መኪና መንዳት የለበትም።»

«እሱን እኮ ነው የምንለው! ለዚሁ እኮ ነው!»

«ይሄ ሰው ልጆቹን ይዞ ሱቅ መሄድ የለበትም፣ ማርላ።» ወረቀቱን ኪሱ ከተተው። «እኔ እልከዋለሁ።»

አልላከውም። ኤልተን ሦስት ጊዜ ደወለለት፤ ጆሮ ዳባ ልበስ አለው። ሎርና ስትጠይቀው «ልኬዋለሁ» አላት። በግንቦት ሆሜር ካርዱን ተቀብሎ ወጣ፤ የመለዋወጫው ክፍል የመንገድ ቀለም ከሚቀቡት ሠራተኞች ለአንዱ ተሰጠ። ደግሜ ልጽፍ እችል ነበር፤ በራሴ እጅ ለኤልተን ልሰጥ እችል ነበር። አልሰጠሁም። እውነቱን ልናገር፣ ደብዳቤው ኪሱ ውስጥ በመቅረቱ ግማሽ ልቤ እፎይ ብሎ ነበር። በዚህ ራሴን አልምርም።

ክረምቱ ሲገባ እንደገና አብረን ወጣን። አሁን ግን «ነይ» የሚለው ቃል ጠፋ። ቀልዱ ሲቆም ቀበቶዬን እፈታለሁ፤ እሱ «እሰሪው» ይላል። ዓይኑ ሲጨፈን «እንቀያየር» እላለሁ፤ «ደህና ነኝ» ይላል። በአንድ ዓይኑ፣ ጥርሱን ነክሶ፣ ላቡ በአገጩ እየወረደ ይነዳል። አንድ ቀን ጮህኩበት።

«ልትገድለን ነው እንዴ? ምን ሆነሃል?»

«ያ አራት ገጽ ላይ ያለው ሰውዬ እኔ አይደለሁም» አለ። «ከእሱ ጋር አንድ መኪና ውስጥ አልሆንም።»

ለዴልበርት መናገር ነበረብኝ። ይኸው አሁን በቀላሉ እላለሁ።

በጥር፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ የቦሞንትን ዳገት ወጥተን ቁልቁለቱን ጀመርን። ነፋሱ ከማሳው በረዶ እያነሳ መንገዱን በነጭ ጋርዶታል። ዌንደል ከጋራዡ ከወጣን ጀምሮ አንድ ቃል አልተናገረም። ድንገት በነጩ ውስጥ ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ሲል አየሁ፤ ከሥሩ ቢጫ። የተማሪዎች አውቶቡስ ቆሞ ልጅ እየጫነ ነው።

«ዌንደል፣ አውቶቡስ!»

እግሩ ነዳጁ ላይ ነው።

«ዌንደል! አውቶቡስ!»

አልሰማም፣ አላየም። ያለኝ ነገር ክንፉ ብቻ ነበር። የክንፉን መቆጣጠሪያ እስከ መጨረሻው ገፋሁት፤ ክንፉ ዳር የተከመረው የደረቀ በረዶ ውስጥ ተሰካ። መኪናው ወደ ቀኝ ተጎትቶ ተጠማዘዘ፣ ጭንቅላቴ ከመስኮቱ ተጋጨ፣ የመኪናው አፍንጫ ቦይ ውስጥ ገብቶ ቆምን። ከአውቶቡሱ ጀርባ ከአንድ መኪና ርዝመት አይበልጥም። አንዲት ቀይ ኮፍያ ያደረገች ልጅ በሩ ላይ ቆማ ታየናለች። ማንም አልተጎዳም።

ዌንደል ሁለት እጁን መሪው ላይ አድርጎ ተቀምጧል።

«የቱ አውቶቡስ?» አለ።

ያን ጊዜ የሬዲዮውን መያዣ አነሳሁ። የሁሉም መኪናዎች መስመር ነው፤ ጋራዡም፣ ዴልበርትም፣ ሹፌሮቹም ሁሉ ይሰሙታል። «ማርላ ነኝ» አልኩ። «ቦሞንት ዳገት ላይ ነን። ዌንደል ቴቦ ማየት አይችልም። ስድስት ክረምት እኔ ነኝ ስነዳ የኖርኩት። ሰው ላኩ።» ሳወራ ዌንደል «ተይ፣ ማርላ፣ ተይ» ይላል፤ በቀስታ፣ ልጅ እንደሚለምን። አልተውኩም።

እኔን በሳምንቱ አሰናበቱኝ፤ ጡረታዬ እንደጎደለ ቀረ። ከዌንደል ቁልፉን ተቀበሉና ሌላ የሚሰጥህ ሥራ የለም አሉት። ካርድ አልተጻፈልንም፤ ለሁለታችንም። ሎርና አራቱን ገጽ ከሥራ ኮቱ ኪስ ውስጥ አግኝታ ራሷ ለኤልተን ወሰደችለት፤ ኤልተንም የዓመቱ ገደብ ሊያልቅ ሁለት ወር ሲቀረው ከሬዲዮው መዝገብ ጋር አድርጎ ላከው። ዌንደል ፈርም ሲሉት ፈረመ። እኔን ግን ከቦሞንት ዳገት ወዲህ አላናገረኝም። ገበያ ውስጥ ካየኝ ጋሪውን ትቶ ይወጣል።

በመስከረም ሎርና ደወለች።

«ሰጡት» አለች። «የጠየቀውን። ከመጀመሪያው ጥያቄ ቀን ጀምሮ ያለውንም ይከፍሉታል።»

«እሱስ? ምን አለ?»

ስልኩ ውስጥ የሳህን ድምፅ ይሰማል፤ እያጠበች ነው።

«መልሱን አንብቢልኝ አለኝ፣ አነበብኩለት። ከዚያ የአንቺን ደብዳቤ አምጪ አለ። ‹አይችልም› የሚለው ስንት ቦታ ላይ ነው ያለው፣ ቁጠሪልኝ አለኝ።»

«ቆጠርሽለት?»

«ምን ላድርግ፣ ቆጠርኩለት። ዘጠኝ ቦታ ነው።»